የዲያሊሲስ ታካሚ የጉበት ኢንዛይም ምርመራ፦ «ኖርማል» የሚለውን ከማመን በፊት

በዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ክፍል ወርሃዊው የደም ውጤት ሲመጣ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ፖታሲየም ላይ ነው፤ ቀጥሎ ሄሞግሎቢን። የጉበት ኢንዛይሙ ኤስጂፒቲ «22፣ ኖርማል» ይባልና ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባል። ያው ታካሚ ባለፉት ሦስት ወራት 9፣ 11 እና 10 ከነበረው ግን ይህ 22 ኖርማል አይደለም። ከወትሮው እጥፍ በላይ ሆኗል፤ ምክንያቱ ደግሞ በቅርቡ የያዘው ሄፓታይተስ ሲ ሊሆን ይችላል።

መመሪያው ለዲያሊሲስ ነርሶችና ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች ነው፤ ውጤቱን ራሱ መከታተል የሚፈልግ ታካሚ ወይም ቤተሰብም ይጠቀምበታል። ኤስጂፒቲ እና ኤኤልቲ አንድ ናቸው፤ ኤስጂኦቲ እና ኤኤስቲም እንደዚሁ። ከዚህ በኋላ ኤኤልቲ እና ኤኤስቲ እንላለን። ለቫይረስ ክትትል የሚጠቅመው ኤኤልቲ ነው፤ ኤኤስቲ ከጡንቻ፣ ከልብ እና ከቀይ የደም ሴልም ስለሚወጣ ብቻውን ጉበትን አያሳይም።

ቁጥሩ ለምን ዝቅ ይላል

ኩላሊቱ ጤናማ የሆነ ሰውና የዲያሊሲስ ታካሚ ጉበታቸው እኩል ቢጎዳ እንኳ የታካሚው ኤኤልቲ ዝቅ ብሎ ይነበባል። አንዱ ምክንያት ቫይታሚን ቢ6 ነው። ኤኤልቲም ሆነ ኤኤስቲ ያለ ፒሪዶክሳል ፎስፌት፣ ማለትም ያለ ቢ6 ንቁ ቅርጽ፣ አይሠሩም። ላቦራቶሪው ደግሞ የሚለካው የኢንዛይሙን ብዛት ሳይሆን ሥራውን ነው። የዲያሊሲስ ታካሚ በምግብ ገደቡ ምክንያት ቢ6 ያንሰዋል፣ በእጥበቱም ጊዜ በማጣሪያው በኩል ይወጣበታል። ሌላው ፈሳሽ ነው፤ ሁለትና ሦስት ኪሎ ውሃ ይዞ የመጣ ሰው ደሙ ቀጥኗል።

ብዙ የውጤት ወረቀቶች ላይ የኤኤልቲ ጣሪያ 40 አካባቢ ተጽፎ ይገኛል። ይህ የወጣው ኩላሊታቸው ከሚሠራ ሰዎች ነው። ለዲያሊሲስ ታካሚዎች ጣሪያው ከ20 በታች እንዲወርድ ሐሳብ ያቀረቡ ተመራማሪዎች አሉ፤ ሁሉም የተስማማበት አንድ ቁጥር ግን የለም። ስለዚህ በተግባር የሚያዋጣው የእያንዳንዱን ታካሚ መነሻ፣ ማለትም የወትሮ ቁጥሩን፣ ማወቅና ውጤቱን ከዚያ ጋር ማስተያየት ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይያዝ። ሄፓታይተስ ሲ ያለባቸው ብዙ የዲያሊሲስ ታካሚዎች ኤኤልቲያቸው ምንም ሳይነሳ ይኖራሉ። ውሻው አልጮኸም ማለት ሌባ አልገባም ማለት አይደለም፤ ኤኤልቲ የቫይረስ ምርመራን አይተካም።

መነሻውን መያዝ

አዲስ ታካሚ ሲገባ ወይም ከሌላ ማዕከል ሲዛወር፣ የመጀመሪያው እጥበት ሳይጀመር የሚከተሉት ይታዘዛሉ፦

- ኤችቢኤስኤጂ (የሄፓታይተስ ቢ አንቲጅን)
- ጠቅላላ አንቲ ኤችቢሲ (ቫይረሱ አንድ ጊዜ እንኳ የገባበት ሰው የሚኖረው አንቲቦዲ)
- አንቲ ኤችቢኤስ (ከሄፓታይተስ ቢ የሚከላከለው አንቲቦዲ)፣ «አለ» ወይም «የለም» ተብሎ ሳይሆን በቁጥር
- አንቲ ኤችሲቪ (የሄፓታይተስ ሲ አንቲቦዲ)፤ ፖዘቲቭ ከሆነ የቫይረሱ አርኤንኤ፣ ማለትም የራሱ የቫይረሱ ዘረመል፣ በፒሲአር
- ኤኤልቲ

ታካሚው ከቀድሞው ማዕከል ወረቀት ይዞ ቢመጣም ምርመራው ይደገማል። በሁለቱ ማዕከላት መካከል ያሉት ሳምንታት በወረቀቱ ላይ የሉም። ቢቻል በፈጣኑ ስትሪፕ ፋንታ ኤላይዛ ወይም በማሽን የሚሠራው ይመረጣል፤ ስትሪፕ ጥቂት ቫይረስ ወይም ደካማ አንቲቦዲ ያለበትን ሰው ሊስት ይችላል፣ የዲያሊሲስ ታካሚ አንቲቦዲ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው።

በኢትዮጵያ የአንቲ ኤችቢሲ ምርመራ የሚዘለልባቸው ቦታዎች አሉ። መዝለሉ ያስከፍላል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በፔንታቫለንት (አምስት በሽታዎችን በሚከላከለው ክትባት) ውስጥ ሆኖ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ዛሬ ዲያሊሲስ ላይ ያሉ አዋቂዎች አብዛኞቹ በልጅነታቸው አልተከተቡም፣ ቫይረሱ ደግሞ በአገሩ የተለመደ ነው። ኤችቢኤስኤጂው ኔጋቲቭ ሆኖ አንቲ ኤችቢሲው ብቻ ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ምርመራው ይደገምለታል፤ የሄፓታይተስ ቢ ዲኤንኤም መታየት አለበት።

የኤኤልቲ መነሻ በአንድ ውጤት አይያዝም። የሦስት ተከታታይ ወራት ውጤት ይውሰዱና መካከለኛውን ይያዙ። 9፣ 14፣ 10 ከሆኑ መነሻው 10 ነው።

ደሙን መቅዳት

ብዙው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ እንበል።

መጀመሪያ ቀኑን ይወስኑ። ወርሃዊው ናሙና ሁልጊዜ በሳምንቱ ውስጥ በአንድ የታወቀ ቀን ይወሰድ። በወጪው ምክንያት በሳምንት ሁለቴ ብቻ የሚታጠቡ ታካሚዎች አሉ፤ ተራው ሰኞና ሐሙስ የሆነ ሰው ከሐሙስ እስከ ሰኞ አራት ቀን፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሦስት ቀን ይቆያል። ሰኞ ውሃው ይበዛል፣ ደሙ ይቀጥናል። አንዱን ወር ሰኞ ሌላውን ሐሙስ ከቀዱ በጉበቱ ምንም ሳይለወጥ ቁጥሩ ሊለዋወጥ ይችላል። ሐሙስን መርጠው በዚያው ይጽኑ።

ናሙናው ሁልጊዜ ከእጥበቱ በፊት ይወሰዳል። ከእጥበቱ በኋላ ውሃው ወጥቶ ደሙ ስለሚወፍር ኤኤልቲው ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ለቫይረስ አርኤንኤም ከእጥበት በኋላ የተወሰደ ደም አይሆንም፣ በእጥበቱ ጊዜ የቫይረሱ መጠን ሊቀንስ ይችላልና። በናሙናው ቅጽ ላይ የታካሚውን የዚያን ቀን ክብደትና ደረቅ ክብደቱን (ትርፍ ውሃው ሲወጣ የሚኖረውን) ይጻፉ፤ ውጤቱ ግራ ሲያጋባ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል።

ከፊስቱላ (ለእጥበት ተብሎ በቀዶ ጥገና ከተገናኘው የእጅ ደም ሥር) ሲቀዱ መርፌው ደረቅ ይሁን። በሳላይን (በጨው ውሃ) የተሞላ መርፌ ገብቶ ከዚያ የተቀዳ ደም ቀጥኗል። የአርቴሪውን መርፌ ያስገቡ፣ ሄፓሪንም (ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው) ሳላይንም ሳይሰጡ በመጀመሪያ ናሙናውን ይውሰዱ፣ ከዚያ በኋላ መስመሩን ያገናኙ።

ከካቴተር (ትልቅ ደም ሥር ውስጥ ከተተከለው የእጥበት ቱቦ) ሲሆን ቱቦው ውስጥ የተቀመጠው ሄፓሪን ዋና ጠላት ነው። ሄፓሪን ፒሲአርን ያግዳል፤ ቫይረስ ያለበት ሰው «አልተገኘም» ሊባል ይችላል። ስለዚህ፦ ለታካሚውም ለራስዎም ማስክ፣ ንጹሕ ጓንት፣ ጫፉን በአልኮል ወይም በክሎርሄክሲዲን ማሸት። ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም በሲሪንጅ ወስደው ይጣሉ፤ አይመልሱት። ከዚያ ሲሪንጅ ቀይረው ናሙናውን ይቅዱ።

ታካሚው በእጥበት ቀኑ ካልሆነና ደም የግድ ካስፈለገ ፊስቱላ ካለበት እጅ በጭራሽ አይቅዱ። ሌላውንም እጅ ቢሆን በክርንና በእጅ አንጓ መካከል ያሉትን ደም ሥሮች ለወደፊት ፊስቱላ መቆጠብ ስለሚያስፈልግ ከእጅ ጀርባ ይቅዱ።

ቱቦዎቹ ሁለት ናቸው። ለኤኤልቲና ለአንቲቦዲ ቀይ ወይም ቢጫ ክዳን ያለው የሴረም ቱቦ፣ 4 ወይም 5 ሚሊ ሊትር። ለአርኤንኤ ወይንጠጅ ክዳን ያለው የኢዲቲኤ ቱቦ፣ ብዙ ጊዜ 4 ሚሊ ሊትር። ቅደም ተከተሉ ሴረም መጀመሪያ፣ ኢዲቲኤ በኋላ ነው። ቢገለበጥ የኢዲቲኤው ጠብታ ወደ ሴረሙ ሊገባ ይችላል፤ ፖታሲየም በሐሰት ይወጣል፣ ካልሲየም ይወርዳል፣ ለዲያሊሲስ ታካሚ ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። የኢዲቲኤውን ቱቦ ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ይገልብጡ፤ አይነቅንቁት።

ስሙ ታካሚው አጠገብ ይጻፍ፤ ስሙ፣ የአባቱ፣ የአያቱ እና የካርድ ቁጥሩ። በአንድ ሺፍት ሁለት «አበበ ከበደ» መኖሩ ብርቅ አይደለም።

ለኤኤልቲ መጾም አያስፈልግም። ታካሚው በባዶ ሆዱ ካልመጣ ብሎ ናሙና ማዘግየት ምንም አይጠቅምም።

ላቦራቶሪው ውስጥ

የሴረም ቱቦው ለ30 ደቂቃ ቆሞ ይርጋ፤ ከዚያ ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፉጅ ይዙር። ሴረሙ ከተቀዳ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከሴሎቹ ቢለይ ጥሩ ነው። ሳይለይ የቆየ ወይም የተሰበረ (ቀይ ሴሎቹ የፈረሱበት) ደም ኤኤስቲን በጣም ይጨምራል፣ ኤኤልቲን ደግሞ በመጠኑ። ቀላ ያለ ሴረም ካዩ «ሄሞላይዝድ» ብለው ይጻፉና አዲስ ናሙና ይጠይቁ።

ሴረሙ በፍሪጅ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ጥቂት ቀን ይቆያል። ኤኤልቲ የሚለካበትን ሴረም ግን በተለመደው ማቀዝቀዣ በ20 ከዜሮ በታች አያቀዝቅዙት፤ ኢንዛይሙ ሥራውን ያጣል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። የአርኤንኤው ፕላዝማ ተቃራኒ ነው፤ ወደ ሌላ ቦታ የሚላክ ከሆነ ከሴሎቹ ተለይቶ ይቀዘቅዛል፣ የኪቱ መመሪያ በሚለው ሰዓት ውስጥ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ብዙ ሰው አያየውም። የኤኤልቲ ሪኤጀንት (የመለኪያው ኬሚካል) ሁለት ዓይነት ነው፤ ፒሪዶክሳል ፎስፌት የተጨመረበትና ያልተጨመረበት። የተጨመረበት ኪት የቢ6 ጉድለቱን ራሱ ስለሚሞላ ለዲያሊሲስ ታካሚ ከፍ ያለና ወደ እውነት የሚቀርብ ቁጥር ይሰጣል፤ ያልተጨመረበት ዝቅ ያለ። በጨረታ ምክንያት ኪቱ በየጊዜው በሚቀየርበት ላቦራቶሪ፣ በአንድ ወር ውስጥ የሁሉም ታካሚዎች ኤኤልቲ አብሮ ሲወጣ ወይም ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሪኤጀንት ተቀይሯል ወይ?» ነው። ተቀይሮ ከሆነ የሁሉም መነሻ እንደገና ይያዝ። ላቦራቶሪውም ለውጡን ለክፍሉ በጽሑፍ ያሳውቅ።

በተመሳሳይ ምክንያት ቢ6 ክኒን የጀመረ ታካሚ ኤኤልቲው ትንሽ ሊወጣ ይችላል። አይሶኒያዚድ የሚወስድ የቲቢ ታካሚ ቢ6 አብሮ ስለሚሰጠው ሁለቱ ነገሮች ይደራረቡበታል፤ መድኃኒቱ ራሱ ጉበት ሊጎዳ ይችላል፣ ቢ6ቱም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። የቢ6ቱ ጭማሪ ትንሽ ነው፣ በአንድ ደረጃ ላይም ይቆማል፤ ሦስትና አራት እጥፍ የሆነ ቁጥር በእሱ አይሳበብም።

መዝገቡ

ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ገጽ፤ ዓምዶቹ፦ ቀን፣ ኤኤልቲ፣ ክብደት፣ ኤችቢኤስኤጂ፣ አንቲ ኤችቢኤስ፣ አንቲ ኤችሲቪ፣ አዲስ መድኃኒት፣ ደም መውሰድ። መጨረሻው እንዳይረሳ፤ ደም ከወሰደ ቀኑ ይጻፋል።

ቀኑን በአንድ አቆጣጠር ብቻ ይጻፉ። ማሽኑ በፈረንጅ ያትማል፣ ነርሷ በሐበሻ ትጽፋለች፤ መስከረም 5 እና ሴፕቴምበር 15 አንድ ቀን መሆናቸው ተዘንግቶ በአንድ ታካሚ ገጽ ላይ ሁለት ወርሃዊ ውጤቶች ይመዘገባሉ። የቱንም ይምረጡ፣ ግን አንዱን።

ሄፓታይተስ ሲ የሌለበት ታካሚ ኤኤልቲ በየወሩ፣ አንቲ ኤችሲቪ ወይም አርኤንኤ በየስድስት ወሩ ይታያል። ለሄፓታይተስ ቢ የተጋለጠ፣ ማለትም ያልተከተበ ወይም ክትባቱ ያልያዘለት ሰው፣ ኤችቢኤስኤጂ በየወሩ። አንቲ ኤችቢኤሱ ከ10 በላይ የሆነ የተከተበ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ አንቲ ኤችቢኤስ።

ቁጥሩ ሲነሳ

ከ9 ወደ 12 መውጣት ምንም አይደለም፤ በዝቅተኛ ቁጥሮች ላይ ማሽኑ ራሱ ይህን ያህል ይወዛወዛል። እኛ የምንመክረው ከሦስቱ አንዱ ሲታይ መንቀሳቀስ ነው፦ ኤኤልቲው ከመነሻው እጥፍ ሲሆን፣ በወረቀቱ ላይ ያለውን ጣሪያ ሲያልፍ፣ ወይም ሦስት ወር በተከታታይ ሲወጣ።

በመጀመሪያ የናሙናውን ነገር ያጣሩ። ከእጥበት በፊት ነው የተቀዳው? ደሙ ተሰብሯል? ሪኤጀንት ተቀይሯል? ይህ በስልክ አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

ከዚያ ታካሚውን ይጠይቁ፣ ሲጠይቁም ሳይቆጡ። አዲስ የታዘዘ መድኃኒት፣ የቲቢና የኤችአይቪ፣ የሚጥል በሽታ፣ የኮሌስትሮል መድኃኒት። ከፋርማሲ በራሱ የገዛው ፓራሲታሞል። አልኮል፣ አረቄና ጠላን ጨምሮ፤ ብዙ ሰው ጠላን መጠጥ ብሎ አይቆጥረውም። ጫት፤ ጉበትን ሊጎዳ እንደሚችል በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። የባህል መድኃኒት፣ በተለይ «ለወፍ በሽታ» ወይም ለኩላሊት ተብሎ የተሰጠ፤ ይህን በቁጣ ከጠየቁ መልሱ ሁልጊዜ «አልወሰድኩም» ነው። ባለፈው እጥበት ደም ግፊቱ በጣም ወርዶ እንደነበርም ከቻርቱ ይዩ። ጉበት ደም ሲያጥረው ኤኤልቲና ኤኤስቲ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወደ ሺዎች ይዘላሉ፣ ግፊቱ ከተስተካከለ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ በፍጥነት ይወርዳሉ። የቫይረስ አወጣጥ እንዲህ አይደለም፤ በሳምንታት ነው የሚሄደው።

ሦስተኛው የቫይረሱ ምርመራ ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት አንቲ ኤችሲቪ አዝዞ «ኔጋቲቭ» ሲመጣ መተው ነው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ አርኤንኤው በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይታያል፤ አንቲቦዲው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 11 ሳምንት ይወስዳል፣ በዲያሊሲስ ታካሚ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ኤኤልቲ የተነሳው በዚያ ክፍተት ውስጥ ከሆነ አንቲቦዲው እውነቱን አይናገርም። ምክንያቱ ያልታወቀ የኤኤልቲ ጭማሪ ላይ በቀጥታ አርኤንኤ ይዘዙ። ፒሲአር የለም የሚባልባቸው ቦታዎች ላይ አንዳንዴ መፍትሔው ቅርብ ነው፤ ለቲቢ የሚታወቀው የጂንኤክስፐርት ማሽን ለሄፓታይተስ ሲ የተለየ ካርትሪጅ አለው። ማሽኑ ቲቢ ክፍል ተቀምጦ ከሆነ ካርትሪጁን ማስመጣት ነው የሚቀረው።

አርኤንኤው ኔጋቲቭ ከሆነና ኤኤልቲው ካልወረደ ከአራት ሳምንት በኋላ ይድገሙት። ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ፣ በተደጋጋሚ ብረትና ደም በወሰደ ሰው ላይ የብረት ክምችት፣ የልብ ድካምም በዝርዝሩ ላይ ይግቡ። አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ብቻውን ከወጣ ወደ ጉበት አይሩጡ፤ በዲያሊሲስ ታካሚ ብዙ ጊዜ ከአጥንት ነው። ጂጂቲ የሚባለው ሌላ ኢንዛይም አብሮ ከወጣ ግን ከጉበት ወይም ከሐሞት ነው።

ሄፓታይተስ ቢ በኢንዛይም አይጠበቅም

ለቢ ኤኤልቲ እስኪነሳ መጠበቅ ከቫይረሱ ኋላ መቅረት ነው። ኤችቢኤስኤጂ ከተጋለጡ በኋላ በአማካይ በ30 ቀን፣ ኢንዛይሙም ሳይነሳ፣ ይታያል። ቫይረሱ ደግሞ በደረቀ ደም ውስጥ በገጽታዎች ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ስለዚህ ወርሃዊው ኤችቢኤስኤጂ አይዘለል፤ ፖዘቲቭ የሆነ ሰው በተለየ ክፍል፣ በራሱ ማሽን፣ በዚያ ሺፍት ያልተከተቡ ወይም ክትባቱ ያልያዘላቸው ታካሚዎችን በማይነካ ነርስ ይታጠባል፣ ማጣሪያውም ታጥቦ እንደገና ሥራ ላይ አይውልም። ለሄፓታይተስ ሲ ግን የተለየ ማሽን አያስፈልግም፤ በጥብቅ የኢንፌክሽን መከላከል ይበቃል።

የዲያሊሲስ ታካሚ የክትባት መጠን ከሌላው አዋቂ እጥፍ ነው። በ20 ማይክሮግራም የሚመጣውን ክትባት (ለምሳሌ ኢንጀሪክስ ቢ) 40 ማይክሮግራም አድርገው በ0፣ 1፣ 2 እና 6ኛው ወር ይስጡ። ከመጨረሻው መርፌ አንድ ሁለት ወር በኋላ አንቲ ኤችቢኤስ ይለኩ፤ ከ10 በታች ከሆነ ሙሉው ይደገማል። ክትባት በተሰጠ በሦስት ሳምንት ውስጥ ኤችቢኤስኤጂ አይውሰዱ። ክትባቱ ራሱ ያው አንቲጅን ስለሆነ ምርመራው በሐሰት ፖዘቲቭ ሊል ይችላል፣ ታካሚው ባልያዘው በሽታ ይገለላል። ወርሃዊውን ናሙና ከክትባቱ በፊት፣ በዚያው ቀን መውሰድ ችግሩን ይፈታዋል።

አዲስ ሰው ሲገኝ

በክፍሉ ውስጥ ኔጋቲቭ የነበረ ታካሚ ፖዘቲቭ ሲሆን ነገሩ የእሱ ብቻ አይደለም። ለጤና ባለሥልጣን ይነገራል፣ ከእሱ ጋር በአንድ ሺፍትና በአጠገብ ወንበር የነበሩ ሁሉ ይመረመራሉ፤ ለሲ ከሆነ በአርኤንኤ። ማሽኑን ከመጠርጠር በፊት የመድኃኒት ማዘጋጃውን ጠረጴዛ ይዩ። ለብዙ ሰው የሚሆነው የሄፓሪን ብልቃጥ በታካሚዎች መካከል በጋሪ ይዞራል? ያገለገለ ሲሪንጅ እንደገና ወደ ብልቃጡ ይገባል? ጓንት በአንድ ታካሚና በሌላው መካከል ይቀየራል? የግፊት መለኪያው መከላከያ ፊልተር በደም ረጥቧል? ወንበሩና የማሽኑ ፊት በየሺፍቱ መካከል ይታጠባል? ለዚህ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 1 ለ99 በውሃ ተበርዞ በዚያው ቀን ይዘጋጅ፤ መጀመሪያ የሚታይ ደም ይጠረግ፣ ደም ባለበት ላይ በረኪና ኃይሉን ያጣል።

ለጉዞ

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከገልፍ አገሮች ለበዓል ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ የዲያሊሲስ ታካሚ ከመነሳቱ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት የኤችቢኤስኤጂ፣ የአንቲ ኤችቢኤስ፣ የአንቲ ኤችሲቪ፣ የኤችአይቪና የመጨረሻ ሦስት ወር ኤኤልቲ ውጤቱን በእጁ ይያዝ። የሚቀበለው ማዕከል የቅርብ ጊዜ ውጤት ይጠይቃል። አንቲ ኤችቢኤሱ ከ10 በታች ከሆነ ከመሄዱ በፊት ተጨማሪ ክትባት ይውሰድ። ሲመለስ ለነርሷ የት እንደታጠበ፣ ስንት ጊዜ፣ ደም ወስዶ ከነበረም ይናገር። አንዳንድ ክፍሎች ለተወሰነ ጊዜ ምርመራውን ያጠናክሩበታል፣ አንዳንዶች ለብቻ ያጥቡታል፤ ይህ ቅጣት አይደለም፣ ከላይ እንዳየነው አንቲቦዲው ለመታየት ሳምንታት ይፈልጋል። ከተመለሰ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ወራት የኤኤልቲውን ቁጥር ራሱም ይጠይቅ፣ ከጉዞው በፊት ከነበረው ጋር አጠገብ ለአጠገብ ጽፎ።